ጥያቄን ሁሉ ወደ ራሳቸው ለሚመልሱት የእድራችን ሊቀ መንበር

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አጽብሃ
የብሎክ ሁለት ነዋሪዎች መረዳጃ እድር ሊቀ መንበርና የኢንተርኔት ኬላ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ሬሳ ቃሬዛ በመጠቀሜ ለተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ከአራተኛ ፎቅ ተነስቶ፣ ደረጃውን በሰላም ወርዶ፣ ምድር ቤት ካለው በራፍዎ ይድረስ እላለሁ፤ እኔ መውረድ ባልችልም ሰላምታ ጀሶ ስላልታሰረ እንደሚደርስዎ አምናለሁ። ጤናዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ ማንም አንኳኩቶ የማያቋርጠው፣ የደም ግፊትዎም እንደ እኛ ኢንተርኔት በልኩ የተገደበ እንዲሆን ዘወትር ምኞቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት በበራፌ ሥር አሹልከው የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ማኅተሙ አምሯል፤ አጻጻፉም እንከን የለበትም። «የእድሩን ቃሬዛ ሬሳ በሌለበት ለግል ጉዳይ ማዋል» የሚለውን ጥፋቴን ደጋግሜ አንብቤ፣ በእርግጥም በዚያን ዕለት እኔ አለመሞቴን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ወደዚህ ጥፋት ያደረሰኝን ነገር በአደባባይ ማስረዳት ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለእርስዎ ቢሆንም የሚለጠፈው በብሎካችን መግቢያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ደረጃ ከመውጣቱ በፊት ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ቆሞ ያነበዋል።

እርስዎ ቢያውቁኝም ያ ቆሞ የሚያነበው ሰው እንዳይቸገር ማንነቴን ልናገር። ተናኘወርቅ እባላለሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። የአለቆችን ቁጣ በትሕትና ጠቅልሎ መላክ የተማርኩት እዚያ ስለሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ትሕትና የሚመስል ነገር ቢያጋጥምዎ የሥራ ልማድ ነው ብለው ይለፉት። ባሌን የቀበረልኝ ይኸው እድራችን ነው፤ ከድሮው ሰፈራችን ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከዕቃችን ጋር ጭነነው የመጣነው፣ ከብሎኩ በዕድሜ የሚበልጥ እድር። በሁዳዴ መግቢያ በዚሁ ደረጃ ላይ ወድቄ እግሬ ከጭኑ ተሰበረ፤ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እስከ ወገቤ በጀሶ ታስሬ፣ ፈርሶ የታጠረውን የካዛንቺስ መንደር በመስኮት እያየሁ እኖራለሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እጸገነት ትባላለች። መስማት የተሳናት ናት። ባሏ በድሉም እንደዚሁ አይሰማም። ሁለቱም ሐዋሳ መምህራን ናቸው፤ እርሷ ኮምፒውተር ታስተምራለች። እኔና ልጄ የምናወራው በእጅ ነው፤ በእጅ ለማውራት ደግሞ መተያየት ያስፈልጋል፤ እጅ ብቻ አይበቃም፤ ቅንድብ፣ አፍ፣ ትከሻ ሁሉ ይናገራል። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለው ተረት በእኛ ቤት እውነት ነው፤ ያለ ፊት ጨዋታ የለም። ወድቄ አልጋ ከያዝኩ በኋላ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በስልኬ ምስል እንገናኝ ነበር። ያኔ እርሷ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር፤ ሆዷ ሲገፋ በዚያች መዳፍ በምታክል መስታወት ውስጥ አይቼዋለሁ።

ሐዋሳ ልትወልድበት ባለችው ሐኪም ቤት ውስጥ በእጅ የሚያወራ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ከጎኗ እቆማለሁ ብዬ ማርገዟን እንደነገረችኝ ቃል የገባሁ እናት፣ እግሬን ሰብሬ ቀረሁ። ስለዚህ አንድ መላ መታን። ስልኩ ከአልጋዋ ራስጌ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ሲናገር እኔ ካዛንቺስ ሆኜ እሰማለሁ፣ ለእርሷ በእጄ እነግራታለሁ፤ እርሷ በእጇ ስትመልስ እኔ በአፌ ለሐኪሙ እናገራለሁ። ነርሷም ተስማምታ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ዛሬ አለ ነገ የለም በሚባልበት በዚህ ሰሞን፣ ቢኖርም በእኛ ግድግዳ ውስጥ ምስል ተሸክሞ መግባት ስለማይችል፣ ይህን ሁሉ የሚሸከመው የእድሩ ገመድ ብቻ ነበር። የዚያ ገመድ በር ጠባቂ ደግሞ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ኬላውን ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። ለብሎካችን በቂ መስመር የለም ስለተባለ አንድ መስመር በእድሩ ስም አስገብተን ለየቤቱ ማከፋፈላችን የታወቀ ነው። መዋጮው እንዳይሰናከል ተብሎ ጉዳዩ ከእድሩ መተዳደሪያ ጋር ሲሰፋ፣ ኢንተርኔቱን ትቻለሁ የሚል አባል ከእድሩም እንደወጣ ይቆጠራል የሚለውን አንቀጽ ያስገቡት እርስዎ ነዎት። በዚህች አንቀጽ የተነሳ ኢንተርኔት አልፈልግም ያለ ሰው ቀባሪም አልፈልግም ማለቱ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜና በዚህ እግር ቀባሪ የማማርጥበት ጊዜ አልፏል፤ ይህንንም ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል።

ልጆች ፊልም እያወረዱ መስመሩ ተጨናነቀ ተባለ፤ እርስዎም መላ ይፈልጉ ተባሉ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በኬላ ቆመው የጭነት መኪና ሸራ ሲያስፈቱ የኖሩ ሰው ነዎትና፣ የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ አንዲት ጥቁር ሳጥን ገዝተው፣ ፋየርዎል የሚባለውን ነገር በመኝታ ቤትዎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተከሉልን። ፊልሙን ይከለክላሉ ብለን ስንጠብቅ እርስዎ የከለከሉት መጠየቅን ነው።

ነገሩን ልጄ እንዲህ አድርጋ አስረድታኛለች። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር የማንንም ቤት በስም አያውቅም፤ የሚሄደው በቁጥር ነው። ስም ስንጽፍለት መጀመሪያ ይጠይቃል፤ የዚህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው ይላል፤ ሲነገረው ይሄዳል። የመንገድ ስም በሌለበት ካዛንቺስ የእገሌን ቤት የሚፈልግ እንግዳ ባለሱቅ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። ባለሱቁ አላውቀውም ካለ፣ ቤቱ ከነባለቤቱ እዚያው ቆሞ እያለ እንግዳው ይመለሳል። እርስዎ ቤት አላፈረሱም፣ መንገድም አልዘጉም፤ በሰፈሩ የሚጠየቅ ባለሱቅ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ እርሱም እርስዎ እንዲሆኑ ብቻ አደረጉ። ይህን ያህል ብልሃት ከአንድ ሳጥን ያወጣ ሰው ሲመሰገን አይበዛበትም።

ሁለተኛ፦ ስለ ዋስ። ሳጥንዎ የሚያውቀው እድሩ ያጸደቀውን ስም ብቻ ነው። አንድ ስም እንዲጸድቅ ደግሞ በወሩ መጀመሪያ እሑድ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይቀርባል፤ ባሕርይውን የሚመሰክሩለት፣ ከአመልካቹ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ዋሶች ይቆሙለታል። ይህ ሥርዓት አዲስ አባል ለመቀበል የኖረ ነው፤ ለድረ ገጽ እንዲሆን ያደረጉት ግን በዓለም ላይ እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። የእግር ኳስ ውጤት የሚነገርበት ስም ዋስ ሞልቶ ተርፎት በጭብጨባ አለፈ። ወይዘሮ የሻረግ ስለ ስኳር በሽታቸው የሚያነቡበት ገጽ ግን የት ተወልዶ የት እንዳደገ የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ ጠባዩ እስኪታወቅ ይቆይ ተባለ። ወይዘሮ የሻረግም ስኳራቸው እንዲቆይላቸው እየለመኑ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሦስተኛ፦ ለእኔ ስላሳዩት ልዩ ቸርነት። ኬላው እንደቆመ የልጄ ምስል ጠፋ። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መጻፍ እንኳ አላቃተኝም። የእድሩ ንብረት ያዥ አቶ ሊካሳና ወይዘሮ የሻረግ ዋስ ሆኑልኝ። በሚያዝያው ስብሰባ፣ እኔ በአካል መቅረብ ባለመቻሌ ከተወቀስኩ በኋላ፣ ከልጄ ጋር የምንተያይበት የምስል ጥሪ ስም ጸደቀልኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ መርቄዎታለሁ።

ከዚያ ደወልኩ። ጥሪው ጮኸ፤ ልጄ አነሳች፤ ስልኬ ተገናኝተዋል አለኝ። መስታወቱ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ፤ ልጄ ከዚያ ወገን አለች፣ እኔ ከዚህ ወገን አለሁ፣ አንተያይም። እጸገነት በጽሑፍ መልእክት እንዳስረዳችኝ አንድ ስም ብቻውን አይኖርም፤ ከበስተኋላው ብዙ ስሞች አሉት፤ አንዱ ጥሪውን ያደርሳል፣ ሌላው ምስሉን ይሸከማል፣ ሌላው ድምፁን። በሩን የሚከፍተው ስም ጸድቆለት ምስል ተሸካሚዎቹ ኬላ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የተሸካሚዎቹን ስም ዘርዝሬ ላክሁልዎ። በአቶ ሊካሳ በኩል የመለሱልኝ መልስ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦ አንድ ማመልከቻ አንድ ስም ነው፣ ጭፍራ አስከትሎ የሚመጣ ስም ያጠራጥራል፣ የቀሩት ለግንቦቱ ስብሰባ ዋሶቻቸውን ይዘው ይቅረቡ። የልጄ ምጥ ከግንቦቱ ስብሰባ በፊት እንደሚሆን ሐኪም ነግሯት ነበር። ይህንንም ጽፌልዎ ነበር። ምጥ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እንደሌለ መልሰውልኛል።

አራተኛ፦ ስላስተማሩኝ ትምህርት። ልጄ ይህን ስትሰማ አንድ ቁጥር ላከችልኝ። ስልክሽ የአቶ አጽብሃን ሳጥን ከሚጠይቅ ከአገር ውጭ ያለውን ለሁሉም የሚመልሰውን ባለሱቅ ይጠይቅ፣ እዚህ ቦታ ላይ ይህን ቁጥር ጻፊ አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ እንዳለችኝ አደረግሁ። የመጣልኝ መልስ እንዲህ የሚባል ስም የለም የሚል ነበር። ውጭ ያለውም እንደ አቶ አጽብሃ ዋስ የሚጠይቅ መስሎኝ ለአንድ ቀን ሙሉ በዓለም ተስፋ ቆረጥኩ። በኋላ እጸገነት ነገሩን አገኘችው። ለካ በኬላው ላይ ሌላ ደንብም ጽፈዋል፤ ማንም አባል ለማንም ሰው የሚልከውን የስም ጥያቄ ሳጥንዎ መንገድ ላይ ይይዝና፣ ወደ ራሱ መልሶ፣ በተጠየቀው ሰው ስም ሆኖ ራሱ ይመልሳል።

አቶ አጽብሃ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበልዎ። አይሆንም ቢሉኝ እርስዎ ከለከሉኝ እላለሁ፤ ልጣላዎትም ልለምንዎትም እችላለሁ። እርስዎ ግን የሌላ ሰው አፍ ተውሰው የለም አሉኝ። ልጄ ያለችበትን ስጠይቅ የለም ተባልኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወገብ በታች በማላዘው ገላዬ ተኝቼ፣ በሬን ብከፍት ደረጃ፣ ስልኬን ብከፍት እርስዎ፣ ከእድሩ ልውጣ ብል መቃብር። ታፍኛለሁ። በቁሜ የተቀበርኩ መስሎኝ ያለቀስኩበት ቀን እንደነበረ ቢያውቁት ብዬ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ለኮሚቴው አንዲት አባል ኬላ ሰብራ ለማምለጥ ስትሞክር ተይዛለች ብለው ሪፖርት እንዳቀረቡም ሰምቻለሁ፤ ስሜን ባለመጥራትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አምስተኛ፦ ስለዚያች ዕለት። ጠዋት ከበድሉ መልእክት መጣ፤ ጀምሯታል፣ ሐኪም ቤት ገብተናል ይላል። ደወልኩ። ጮኸ። ተነሳ። ጠቆረ። ደግሜ ደወልኩ። በድምፅ ብቻ እንዳልደውል የሚያነሳው በድሉ ነው፤ እርሱም አይሰማም፤ ነርሷም የተስማማችው ምስሉ ከራስጌ እንዲቆም እንጂ የበሽተኛን ስልክ አንስታ ልታወራ አይደለም። አቶ ሊካሳን ጠራኋቸው። ወደ እርስዎ ወረዱ። እርስዎም በትዕግሥት ተቀብለዋቸዋል፤ ሻይም እንዳቀረቡላቸው ነግረውኛል። ኬላ የሚከፈተው በስብሰባ ብቻ ነው አሏቸው። አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራ ሲሉዎት፣ አስቸኳይ ስብሰባ የሚጠራው በጡሩምባ ነው አሉ። ጡሩምባው ይነፋ ሲሉዎት፣ ጡሩምባ የሚነፋው ለሞት ነው፣ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። አቶ ሊካሳ ማንም አልሞተም፣ ልጅ ሊወለድ ነው አሉ። እርስዎም በታላቅ ርኅራኄ ራስዎን ነቅንቀው፣ እንግዲያው ደንቡ አይፈቅድም አሉ።

አቶ ሊካሳ ወደ እኔ ተመልሰው ወጡ። እኚህ ሰው ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና የትኛው መንገድ የት እንደሚያደርስ ያስባሉ። ኢንተርኔቱ ወደ ሴትዮዋ ካልመጣ ሴትዮዋ ወደ ኢንተርኔቱ ትሂድ፣ አደባባዩ ማዶ ያለው ሆቴል በካፌው የራሱ መስመር አለው አሉ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊያወርዱኝ ሞከሩ፤ እግሬ ስለማይታጠፍ ደረጃው ላይ አልዞር አልኩ። የእኛን ጠባብ ደረጃ ሰው ተኝቶ እንዲወርድበት ተብሎ የተለካ አንድ ዕቃ ብቻ አለን፤ ያለበት ክፍል ቁልፍም በእርሳቸው ኪስ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የጨነቃት ደግሞ በቃሬዛ ትሄዳለች።

ስድስተኛ፦ ለጥፋቱ ዝርዝር። ተሸካሚዎቹ አቶ ሊካሳን ጨምሮ አራት ነበሩ፤ የእድሩ ልማድ ሆኖባቸው እግሬን አስቀድመው አወጡኝ፤ በእርስዎ በራፍ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አደባባዩ ላይ ስንደርስ የታክሲ ረዳት መጣራቱን አቆመ፤ ሰዎች ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንድ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። በሕይወቴ ይህን ያህል ተከብሬ አላውቅም። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎናችን እየሄዱ ልጅ ነበራት ወይ ብለው አንዱን ተሸካሚ ሲጠይቁት እኔ ከቃሬዛው ላይ አለችኝ፣ ወደ እርሷ ነው የምሄደው ብዬ መለስኩላቸው። ሴትየዋ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። ይቅርታቸውን በእርስዎ በኩል እጠይቃለሁ። የሆቴሉ ጥበቃም ቃሬዛ ካፌ ውስጥ አይገባም ብሎ ጥቂት ተከራከረን፤ የሚያስገርመው ግን ዋስ አልጠየቀንም።

ሰባተኛ፦ ይህን እንደ ምስጋና አይቁጠሩብኝ፤ ቁጥሩን የሰጠሁት ደብዳቤው ሥርዓት እንዲኖረው ነው። በሆቴሉ መስመር ደወልኩና ምስሉ ወዲያው መጣ። የልጄ ፊት መጣ።

እኛ ከእርስዎ ሻይ ተነስተን፣ ከወንበር ጋር ታግለን፣ ካዛንቺስን አቋርጠን እስክንደርስ፣ እዚያ ሐዋሳ የሕፃኑ ልብ ደክሞ ልጄ በጥድፊያ ሆዷን ተቀድዳ ነበር። ለምን እንደሚቀዷት የነገራት ሰው የለም። ሐኪሙ ነግሯታል፤ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፤ አፉ ያልተሸፈነ ሰው ቢሆን ከከንፈሩ ጥቂት ታነብ ነበር። በድሉን ከበር ውጭ ወረቀት አስፈርመው እዚያው አስቀሩት፤ ከዚያ ወዲህም ወደ እርሷ አላስገቡትም። እርሷ ከሰመመን ስትነቃ ሆዷ ባዶ ነው፤ ከጎኗ ሕፃን የለም። ሕፃኑ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ማሞቂያ ወዳለበት ክፍል ተወስዶ ነበር። እርሷ ይህን በምን ታውቃለች? እጇ ላይ ግሉኮስ እንደተሰካ በወረቀት ልጄ የት ነው ብላ ጻፈች። ተረኛ ተለውጦ ስለነበር አዲሷ ነርስ አላወቀችም፤ ጠብቂ ብላ ጻፈችላትና ሄደች። ልጄ ጠበቀች። ከነቃችበት ጀምሮ እኔ በቃሬዛ እስክደርስ ድረስ ልጇ የሞተባት እናት ነበረች።

ምስሉ ሲከፈት በእጇ መጀመሪያ ያለችኝ ሞተ ወይ ነው። አዲሷን ነርስ ጮኼ ጠራሁ፤ ጠይቃ መጣች፤ ወንድ ነው፣ ትንፋሹ ተስተካክሏል አለችኝ፤ እኔም በእጄ ነገርኳት። አላመነችኝም። የአገራችንን ወግ ያውቁታል፤ መርዶ ለታመመ ሰው፣ ይልቁንም ለአራስ፣ አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ይደበቃል፣ እስክትበረታ ደህና ነው ይባላል። መርዶ ሲደበቅ አይታ ያደገች ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት እኔው ራሴ ደብቄያታለሁ። እንዲህ አለችኝ፦ ጠዋት ስትደውዪ ፊትሽን ያጠፋሽው ልትነግሪኝ ስላልቻልሽ ነው።

ምን ብዬ ልመልስላት? በእጅ ቋንቋ ሊቀ መንበርም ኬላም ይባላል፤ የሳጥኑንም ነገር ያስረዳችኝ እርሷው ናት፤ ግን ሆዷን ተቀድዳ ከሰመመን የነቃች ልጅ ያን ጊዜ ሳጥን ትዝ ሊላት ነው? የእኔ ፊት ያልታየው ለምን እንደሆነ ያወቀች መስሏት ወደ ግድግዳው ዞረች። ልጄ ፊቷን ስታዞር መናገሬ አለቀ፤ በእጅ የሚነገር ነገር ጀርባ አይሰማውም። እግዚአብሔር ይስጣት ያች ነርስ ስልኩን አንስታ ደረጃውን ወጣች፤ በማሞቂያው መስታወት ውስጥ ያለውን ልጅ በእኔ ስልክ በኩል አሳየችኝ፤ በራሷ ስልክም ቀርጻ ወርዳ አልጋው አጠገብ ያዘችላት። እጸገነት ደጋግማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አላለቀሰችም፤ የት ነበርሽ ብቻ አለችኝ።

እንግዲህ ለማስጠንቀቂያዎ መልሴ ይህ ነው። ቃሬዛውን አስወልውዬ መልሻለሁ። አራቱን ተሸካሚዎች በተመለከተ፣ ጥፋታቸው ሰው ሳይሞት መርዳታቸው ስለሆነ ሁለተኛ እንደማይለምዳቸው አረጋግጣለሁ። የግንቦቱ ስብሰባም ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ለሰኔ እንደተላለፈ ተነግሮኛል፤ ስለዚህ ከዚያች ዕለት ወዲህ የልጅ ልጄን ደግሜ አላየሁትም፤ ልጄም ቁስሏ ሲመረመር የሚተረጉምላት የለም። ሰኔ እስኪደርስ አልጋዬ ላይ ነኝ፤ አልጠፋብዎትም፤ የምሄድበት የለኝምና። ሁሉንም ክፈቱ አልልም፤ ልጆች ፊልም ያወርዱ እንደሆነ ይከልክሉ፤ አንዲት እናት ልጇን የምታይበትን ስም ግን ያሳልፉልኝ። ይህን የምለምንዎት እንደ አባል ነው፤ እንደ ጎረቤት የለመንኩዎትማ አልቋል።

ከዚህ በላይ በተከበረው ጊዜዎ ላይ አልሻማም። በእርስዎ ጥበቃ ሥር ያለን ሁላችን ማንም ሳያገኘን በሰላም እንድንኖር ላደረጉልን ውለታ፣ ጉልበቴ ባይታጠፍም ልቤን ዝቅ አድርጌ፣

ከማይወጡበት እድር የማትወጣ አባል፣
ተናኘወርቅ
ብሎክ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለብሎክ ሁለት ነዋሪዎች በሙሉ፣ በመግቢያው ግድግዳ
ለአቶ ሊካሳና ለሦስቱ ተሸካሚዎች፣ ከምስጋና ጋር

ሳልረሳው፦ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማንንም በፊደል ስሙ አይጠሩም፤ ከመልኩ ወይም ከሥራው ተነስተው በእጅ ምልክት የራሳቸውን ስም ያወጡለታል። እጸገነት በድሮው ሰፈራችን ሕፃን ሳለች ለእርስዎ ያወጣችልዎ ስም ጉንጭን በሁለት ጣት ነካ ማድረግ ነበር፤ ከሥራ ሲመለሱ ከረሜላ ይሰጧት ስለነበር ነው። በዚያች ዕለት፣ በሆቴሉ መስመር ሳንለያይ፣ ስሙን ለውጣዋለች። አዲሱን አይቼዋለሁ፤ አልነግርዎትም። ልጇን ታቅፋ ስትመጣ በደረጃው ላይ ያገኟታል፤ በነጻው እጇ በአዲሱ ስምዎ ትጠራዎታለች፤ እርስዎም ሰላምታ መስሎዎት ፈገግ ብለው እጅዎን ያነሳሉ።